ለሽኩር ፈረስ የጻፍኩት ምስክርነት

የሽኩርን ሞት የነገረችኝ ልጁ ሀያት ናት፤ ከቡታጅራ በስልክ። እኔ አሁን የምኖረው ወልቂጤ፣ ከልጄ ዘንድ ስለሆነ፣ ወሬው ሲደርሰኝ ቀብሩ አልፎ ነበር። «ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው፣ መምህር። ስደውልልዎ ስልክዎ ዝግ ነው» አለችኝ። ስልኬ ዝግ መሆኑ እውነት ነው፤ ለምን እንደዘጋሁት ግን አላስታውስም።

ስለ እሱ ልጽፍ ስነሳ በእጄ ያለው ማስረጃ ምን እንደሆነ አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ያስተማረ ሰው ምንጩን ሳይገልጽ ቢጽፍ ተማሪዎቹ ይታዘቡታል። ያሉኝ ምንጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የዕለት ማስታወሻዬ ነው፤ እሱም ቢሆን በአብዛኛው የዝናቡንና የወገቤን ነገር የሚዘግብ፣ ስለ ሰው ከአንድ መስመር በላይ የማይጽፍ ደብተር ነው። ሁለተኛው ሀያት በሁለት ረዘም ያሉ የስልክ ንግግሮች የነገረችኝ ነው። ሦስተኛው በእጄ ጽፌ ቅጂውን ያስቀረሁት የአንድ ገጽ ምስክርነት ነው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ትዝታ ነው። ትዝታዬን ብዙም አላምነውም፤ የሚያስከብረኝን አስቀርቶ የሚያሳፍረኝን የመጣል ልማድ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽኩር ከእኔ ዐሥር ዓመት ያህል ያንስ ስለነበር በሕይወት ሳለ አንተ እለው ነበር፤ እሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን አንቱ አለኝ። አሁን ሞተ ብዬ አንቱ ማለት ብጀምር፣ በሕይወቱ የነፈግኩትን ክብር በመቃብሩ ላይ እንደማፍሰስ ስለሚሆንብኝ፣ እንደ ነበረው አንተ ብየው እቀጥላለሁ።

ሽኩር ቡታጅራ ውስጥ ባለ ጋሪ ነበር። ፈረሱ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ቦራ ይባላል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ጠዋት ጠዋት አስተምር ነበር፤ የሚያደርሰኝም ሽኩር ነበር። በዚያን ጊዜ መንገዱን ሁሉ ባጃጅ ይዞታል። ሰው ሲጠይቀኝ ባጃጅ ወገቤን ያንገጫግጨዋል እል ነበር። ጋሪም ያንገጫግጫል። እውነተኛው ምክንያት ጋሪ ላይ ተቀምጦ ማሰብ ስለሚቻል ይመስለኛል።

ቦራ መንገዱን በቃሉ ያውቀው ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ የእኔ በር፣ መጨረሻ ኮሌጁ። በሬ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ቀጥ ይልና አንድ ጊዜ በአፍንጫው በኃይል ይተነፍሳል። ደወል አላስፈለገኝም። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ወጥቶ፣ ተደላድሎ ተቀምጦ፣ የጋሪውን ጣውላ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ካልመታ ቦራ አንድ እርምጃ አይሄድም። ይህን ያስለመደው ሽኩር ነው። ምክንያቱን ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፤

«ወጣት ሳለ አንዲት እርጉዝ ሳትቀመጥ ተነሳባት። ወደቀች። አልሐምዱሊላህ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ግን ማልኩ። ከዚያ ወዲህ የሚያዘው ተሳፋሪው ነው። እኔ አላዝም።»

ዳገት ሲደርስ ሽኩር ይወርዳል። ወርዶ ከፈረሱ ጎን ጎን፣ የጋሪውን እንጨት በአንድ እጁ ይዞ እየገፋ ይሄዳል። አንድ ቀን አብሮን የተሳፈረ እህል ነጋዴ፣ ሰውነቱ ከበድ ያለ ሰው፣ ከላይ ሆኖ፣

«ሽኩር፣ አንተም የምትጎትት ከሆነ ሁለት ሰው ነው እንዴ የምከፍለው?» ብሎ ቀለደበት።

«ለእኔ አይክፈሉ ጋሼ። ዳገቱ የእኔም ነው።»

«እኔስ ልውረድ ታዲያ?»

«ቢወርዱ ቦራ ቅር አይለውም።»

ነጋዴው ሳቀ እንጂ አልወረደም። እኔም አልወረድኩም፤ ይህን የምጽፈው ለራሴ ሳላደላ ለመናገር ነው።

ዝናብ የመጣ ቀን ያለችውን አንዲት የላስቲክ ልብስ አውጥቶ በፈረሱ ጀርባ ላይ ዘረጋት። መጽሐፎቼን ደረቴ ላይ አቅፌ እየበሰበስኩ፣ «እኔስ ሽኩር?» አልኩት። ዞሮም ሳያየኝ፣ «እርስዎ ቤት ሲገቡ ልብስ ይቀይራሉ፣ መምህር። እሱ ሌላ ልብስ የለውም» አለ። ያን ቀን ተቆጥቼ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ያለው ግን «ዝናብ፤ ብርድ መታኝ» የሚል ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ቦራ ደጄ ላይ አልቆመም። ማስታወሻዬ «የሽኩር ፈረስ አልመጣም። በባጃጅ ሄድኩ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄጄ ሳየው ግራ የፊት እግሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቆዳው ሥር ሽምብራ የሚያክሉ እብጠቶች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ወጥተዋል። ሽኩር ሣር ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ በጣቱ እየነካቸው ነበር።

ወደ እንስሳት ክሊኒኩ አብሬው ሄድኩ። ተራ የያዘው ሁሉ ላምና ጥጃ፣ በግና በሬ ነው። አንድ ገበሬ ሽኩርን ገርመም አድርጎ፣

«ፈረስ ደግሞ ምን ሊሆን መጣ? ወተት ሊታለብ?» አለ።

«ያንተዋም ወተት ብትሰጥ ኖሮ እዚህ አትሰለፍም ነበር» አለው ሽኩር፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ ገበሬውም ሳቀ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እግሩን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ።

«ጋሼ፣ ይሄ በጊዜ መታከም ከጀመረ ሊድን ይችላል። ግን የወራት ሕክምና ነው። መድኃኒቱ ደግሞ እኛ ጋ የለም፤ ከግል መድኃኒት ቤት ነው የሚገዙት።»

«ብጀምርና ባቋርጥስ ልጄ?»

«ካቋረጡ ይመለሳል። ብሶ ነው የሚመለሰው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከሌሎች ፈረሶችም ያርቁት፤ ይተላለፋል» አለችው።

ስንወጣ የቦራን ገመድ ይዞ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ፈረሱ እያየ፣ «አፍ የሌለው ሲታመም፣ አፉ የሚያየው ሰው ነው» አለ። ይህ የጉራጌዎች ተረት ይሁን የራሱ ንግግር ለማጣራት ሞክሬያለሁ። የጠየቅኳቸው ሽማግሌዎች ሰምተውት አያውቁም።

በዚያው ሳምንት ጋሪውን ሸጠው።

«ሲድን ታዲያ በምን ሊሠራ ነው?» አልኩት።

«መጀመሪያ ይዳን።»

ሀያት ይህን በስልክ ስታነሳ «ለእኔ ሠርግ እንኳ ጋሪውን አልሸጠም፣ መምህር!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን እንደጀመረ አላለቀም።

የሰፈሩ ሰው «ሽኩር ፈረሱን ጡረታ አወጣው፤ አበሉንም ራሱ ይከፍላል» እያለ ይቀልድ ነበር። እሱም «መምህርስ ጡረተኛ አይደሉም? መንግሥት ሜዳ ላይ አልጣላቸው» ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ ለማያውቅ ሰው መግለጽ ይኖርብኛል። በዚያ ከተማ የጋሪ ፈረስ ሲደክም ወይም ሲቆስል፣ ባለቤቱ ከከተማው አሳልፎ ሜዳ ይወስደውና ገመዱን ፈትቶ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ይመለሳል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ሰዎቹ ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም። ሥጋው አይበላ፣ ሕክምናው ከአቅም በላይ፤ ሳይሰቃይ የሚያሳርፈው መርፌም የለም። ሽኩር ግን ሌሎች እንዲህ ሲያደርጉ ዕድሜውን ሙሉ አይቶ፣ እኔ አላደርገውም ብሎ ነበር።

መድኃኒቱ ከሁለት ወር በላይ ቀጠለ። እብጠቶቹ ደረቁ፤ ቦራ መብላት ጀመረ። ከዚያ የጋሪው ገንዘብ አለቀ። እኔም አንድ ጊዜ አዋጥቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ማስታወሻዬ ይመሰክርብኛል። መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ ሐኪሟ እንዳለችውም ብሶ ተመለሰ።

የጋማ ከብት በነፃ የሚያክም አንድ ቡድን ለጥቂት ቀናት ወደ ከተማው እንደሚመጣ የተሰማው በዚህ መሀል ነው። መድኃኒቱን ይዘው ነው የሚመጡት። የሚያክሙት ግን የድሃ መተዳደሪያ የሆኑትን፣ በሥራ ላይ ያሉትን እንስሳት ነው፤ ለዚህም የሚታወቅ ሰው የጻፈው ምስክርነት ይጠይቃሉ። ሽኩር ቤቴ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ ተው ብለው አይሰማም።

«መምህር፣ ይሠራል ብለው ይጻፉልኝ። የወንድሜን ጋሪ አስሬበት እወስደዋለሁ።»

«ግን እኮ አይሠራም፣ ሽኩር።»

«ይሠራ ነበር። ሲድንም ይሠራል። የጎደለው መሀሉ ነው።»

«ፊርማዬን የማኖርበት ነገር ነው…»

«እሱ አፍ የለውም። እኔም ወረቀት ላይ አፍ የለኝም። እርስዎ አፉ ይሁኑት።»

ጥሩ አድርጌ እንደምጽፍለት ነገርኩት። ይህን ስል ያሰብኩት ምን እንደነበር አሁን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሦስት ጊዜ አርቅቄዋለሁ። ቅጂው እዚህ ከፊቴ አለ፤ ዋናው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ «ፈረሱ ለበርካታ ዓመታት ባለቤቱንና ቤተሰቡን ሲያስተዳድር የኖረ መሆኑን፣ በአሁኑ ጊዜ ግን በሕመም ምክንያት ጋሪው ለሕክምናው የተሸጠ በመሆኑ ምንም ዓይነት ሥራ የማይሠራ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» እውነቱ ከውሸቱ ይበልጥ አንጀት ይበላል ብዬ ነበር። ወይም አሁን እንደዚያ አስቤ ነበር ማለት ይቀለኛል።

ፖስታውን አሽጌ ሰጠሁት። አላነበብኩለትም። እሱም አንብብልኝ አላለኝም፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ «ጥሩ ነው?» አለኝ ብቻ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ከዚያ የሆነውን አላየሁም፤ የማውቀው ሽኩር ራሱ በማግሥቱ መጥቶ ከነገረኝ ነው። እንዳለው የወንድሙን ጋሪ አስሮበት ሄዷል። ያ ሁሉ ባለ ጋሪ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ አንድ ወጣት ሠራተኛ ፖስታውን ከፍቶ አነበበ። ቀና ብሎ ጋሪውን አየ። ደግሞ ወረቀቱን አየ።

«አባት፣ ይሄ ጋሪ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ደብዳቤዎ ጋሪውን ሸጠዋል ይላል። ፈረሱም ሥራ አይሠራም ይላል።»

ከሰልፉ አንዱ፣ «ሽኩር፣ ደብዳቤህ ካንተ በላይ ያውቅሃል!» ብሎ ጮኸ። ተሳቀ። ወጣቱ፣ ምናልባትም ነገሩን ለማስረዳት ብሎ፣ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ቀጣዩን ጠራ።

ሽኩር ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም። ባይቀመጥም አልተቆጣም። «ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ አነበበው። ጥሩ አማርኛ ነው፣ መምህር» አለኝ። በንግግሩ ውስጥ ምፀት ይኖር እንደሆን በዚያን ጊዜም ፈልጌያለሁ፤ ዛሬም እፈልጋለሁ፤ አላገኘሁም። ብፈልግም የማላገኘው ስለሌለ ይመስለኛል። ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ዞረ።

«እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት ብለው ቢነግሩኝ ግን ጋሪውን አላስርበትም ነበር። ያን እግር ይዞ እስከዚያ ድረስ ጎተተ እኮ። በከንቱ።»

ከእሱ አፍ የሰማሁት ወቀሳ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ለፈረሱ ሲል ነው።

«ታሞ ለጊዜው ከሥራ ያረፈ የጋሪ ፈረስ» ብዬ ብጽፍ ውሸት አልነበረም። ይህ ዓረፍተ ነገር የመጣልኝ እሱ ከወጣ በኋላ፣ የጫማው ድምፅ ገና ከግቢው ሳይጠፋ ነው። ተከትዬው ልሮጥና ሌላ ልጻፍልህ ልለው እችል ነበር፤ ቡድኑ አንድ ቀን ቀርቶታል። ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን የሚያፈርስ ሁለተኛ ደብዳቤ መጻፍ ስሜን የሚያጎድፍ መሰለኝ። ቁጭ አልኩ።

የቀረው አጭር ነው። ቁስሉ ፈነዳ። የሰፈሩ ባለ ጋሪዎች ተሰብስበው መጡ፤ ሀያት እንደምትለው ክፉ አልተናገሩም፤ «ወንድማችን፣ የእኛም ልጆች የሚበሉት ከእነዚህ ፈረሶች ነው» አሉት። እሱም እውነታችሁን ነው አላቸው። በነጋታው ቦራን ይዞ ወደ ቆሼ ከተማ በሚወስደው መንገድ ወደ ቆላው ወረደ። ማታ የተመለሰው ገመዱን ብቻ ይዞ ነው። ገመዱን ቦራ ይታሰርበት የነበረው እንጨት ላይ አሰረው፤ ልክ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ። እራት አልበላም። በማግሥቱ ሊፈልገው ተመልሶ ሄደ፤ አላገኘውም።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ከደብዳቤው ወዲህ ሽኩር ቤቴ አልመጣም፤ እኔም ቤቱ አልሄድኩም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ቡታጅራን ለቅቄ ወደ ወልቂጤ የሄድኩ ቀን ነው። ሚኒባሱ ሰው እየጫነ ቆሞ ሳለ፣ ባለሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ላይ የውሃ ጀሪካን ደርድሮ፣ እንጨቱን በደረቱ እየገፋ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ጎንበስ ያለው አካሄዱ የማውቀው አካሄድ ነው፤ የሰው ግን አልነበረም። አንገቴን ልሰብር አስቤ ነበር፤ እሱ ግን አየኝና ጋሪውን በድንጋይ አስደግፎ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ሊሄዱ ነው፣ መምህር?»

«ልሄድ ነው። ልጄ ጋ።»

«ደግ አደረጉ።» ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ዳገቱ ከበደህ» አልኩት።

«አሁን የእኔ ብቻ ሆነ» አለ፤ ፈገግም አለ። ከዚያ መቀመጤን አይቶ፣ በመዳፉ የሚኒባሱን ጎን ሁለት ጊዜ መታ። ረዳቱ የመታ መስሎት ይሁን አላውቅም፣ ሾፌሩ ነዳው።

አሁን የሚቀረኝ ያላረጋገጥኩት ነገር ነው። በማስታወሻዬ፣ ከደብዳቤው በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ፣ እንዲህ የሚል መስመር አለ፤ «ጠዋት አንድ ሰዓት። በር ላይ ድምፅ። አልወጣሁም።»

የማስታውሰው የሚከተለውን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። የኮቴ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ አንዱ እግር ከሌላው የዘገየ። በሬ ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ በአፍንጫ የመተንፈስ ድምፅ ሰማሁ። ሽኩር ፈረሱን ይዞ የመጣ መሰለኝ፤ ስለ ደብዳቤው ሊጠይቀኝ ይሆናል ብዬ ብዕሬን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። በሩ እስኪንኳኳ ጠበቅኩ። አልተንኳኳም። ቆይታው ረጅም ነበር፤ ምን ያህል እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዓት አላየሁም። በመጨረሻ ኮቴው ሄደ። ስወጣ መንገዱ ላይ ማንም የለም፤ ከደጄ ፊት ትኩስ ፋንድያ አለ። በዚያ መንገድ የሚያልፈው ፈረስ ብዙ ነው።

ሀያት አባቷ ቦራን የለቀቀው ከዒድ በፊት ነው ትላለች። እናቷ ከዒድ በኋላ ነው ይላሉ። የእናትየው ቃል ትክክል ከሆነ፣ ማስታወሻዬ ላይ ባለው ቀን፣ በዒድ ዋዜማ፣ ቦራ ገና ግቢያቸው ውስጥ ታስሮ ነበር። ልብስ ሰፊዋን በስልክ አስጠይቄያለሁ፤ በዚያ ሰሞን ጋሪ የሌለው፣ የቆሰለ ፈረስ በሯ ላይ ተገትሮባት በመጥረጊያ እንዳባረረችው ታስታውሳለች። ግንባሩን አላየችም። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። የኮሌጁ ዘበኛ ምንም አላየሁም ብሏል።

ስለዚህ ደጄ ላይ የቆመው ቦራ ነበር ብዬ መመስከር አልችልም። አልነበረም ለማለት ደግሞ ያለኝ ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ ቦራ አንድ ጊዜ በሬ ላይ ከቆመ፣ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ሳልመታለት ሄዶ አያውቅም።